ጉልበት ሲብረከረክ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣችሁ አሠልጣኞች፣ ወጣት ሯጮች፣ እናቶችና አባቶች፤

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ አሠልጣኝ ደወለልኝ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ወጣቶችን የሚያሠለጥን ሰው ነው። «ልጆቼ ጉልበታቸው ሲጎዳ ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ፤ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ይታዘዝላቸዋል፤ ይጀምሩታልም። ጭናቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ደንግጠው ይተዉታል። እኔም የምላቸው አጣሁ። እባክህ መጥተህ አስረዳን» አለኝ። ጥሪውን በደስታ ተቀበልኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። በቂ መልስ ሳልሰጥ ያሳለፍኳቸው ጊዜያት ዛሬም ይቆጩኛል።

የዛሬው ርእሴ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ነው፤ የተጎዳ ጉልበት ኃይሉን ሲመልስ ጡንቻው ለምን ይንቀጠቀጣል? በመጀመሪያ ጡንቻ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ቀጥዬ ጉልበት ሲጎዳ ጭናችን ምን እንደሚሆን እነግራችኋለሁ። በመጨረሻ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁን፣ መቼ መቀጠል መቼ ማቆም እንዳለባችሁ እንነጋገራለን።

ከቃሉ ልነሣ። በአማርኛችን ጉልበት ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ኃይል ነው። ጉልበታም፣ የጉልበት ሥራ፣ ጉልበቴ አለቀ እንላለን። የሰው ብርታት የት እንዳለ ሲጠየቅ ቋንቋችን ጉልበቱን ያሳያል። ፍርሃትንም የምናየው እዚያው ነው። የደነገጠ ሰው ጉልበቱ ተብረከረከ፣ ጉልበቱ ቄጤማ ሆነ ይባላል። ስለዚህ አንድ ታማሚ አልጋ ላይ ተኝቶ እግሩን ሲያነሣ ጭኑ ሲንዘፈዘፍ ካየ፣ ማንም ሳይነግረው፣ «አለቀልኝ፣ ከዳኝ» ብሎ ያስባል። እኔ ደግሞ ዛሬ ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከጉዳት የሚያገግም ጉልበት የሚብረከረከው ሥራ ስለ ጀመረ ነው።

ይህን ነገር በደንብ ያስተማሩኝ አንዲት የቡራዩ እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። በክረምት ጭቃ አንሸራቷቸው ወድቀው ጉልበታቸው አብጦ ወደ እኔ መጡ። ስብራት አልነበረም። አልጋ ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ እግራቸውን አንድ ስንዝር ያህል እያነሡ እንዲያወርዱ አሳየኋቸው። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ የተጎዳው ጭናቸው ከጤነኛው በዓይን በሚታይ መጠን ቀጥኗል። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል፤ ስግደት ናፍቋቸዋል። እንቅስቃሴውን ሠርተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ከፍ ሳደርገው ይንዘፈዘፋል። ነርቭ ነው ብዬ ተውኩት። ጎረቤቴም ብርድ ገብቶበታል አለችኝ» አሉ።

አስተኛኋቸውና እግራቸውን እንዲያነሡ ጠየቅኳቸው። እጄን ከጉልበታቸው በላይ፣ በውስጥ በኩል አሳረፍኩ። ከቆዳው ሥር ያለው ጡንቻ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ሽሮ ይንተከተካል። አንዴ እዚህ ብቅ ይላል፣ አንዴ እዚያ። «ይኸው! አየኸው?» አሉኝ ደንግጠው። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። ምን እንደሚሠሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሲሠሩ ምን እንደሚሰማቸው ግን አልነገርኳቸውም። ስድስት ሳምንት ያጡት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጉድለት ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ሦስት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በርበሬ ሲወቅጡ አይታችኋል። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች፤ ሦስተኛዋ ለመጣል ትዘጋጃለች። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፤ ድምፁ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ጡንቻም የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሕብለ ሰረሰራችን የሚወጣ እያንዳንዱ የነርቭ ክር በጭናችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጡንቻ ክሮችን ያዛል። አንድ ነርቭ ከሚያዛቸው ክሮች ጋር አንድ ቡድን ነው በሉት። ቡድኑ ትእዛዝ ሲደርሰው አንድ ጊዜ ይኮማተራል፤ ከዚያ ይላላል። ጡንቻ ሳያቋርጥ የሚጎትት የሚመስለን ቡድኖቹ ብዙ ስለሆኑና ተራ በተራ ስለሚመቱ ነው። አንዱ ሲላላ ሌላው ይይዛል። አሁን ከሦስቱ ሴቶች ሁለቱ ይሂዱ። የቀረችው ብቻዋን ትወቅጣለች። በምትና በምት መካከል ክፍተት ይኖራል፤ እያንዳንዱ ዱክ ለየብቻው ይሰማል። ጭን ሲንቀጠቀጥ የምናየው ያንን ክፍተት ነው።

ጤነኛ ጡንቻም ቢሆን ሲሠራ ፍጹም ጸጥ ብሎ አያውቅም። እስቲ አሁኑኑ እንሞክረው። ሁላችሁም ጆሮዎቻችሁን በአውራ ጣቶቻችሁ በቀስታ ድፈኑ። አሁን የቀሩትን ጣቶች ጨብጡ፤ ጠበቅ አድርጉት። የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ጉምጉምታ ይሰማችኋል። ጭብጣችሁን ስታላሉ ይጠፋል። ይህን ነገር ግሪማልዲ የተባለ ጣልያናዊ ካህን በ17ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል። በ1810 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዎላስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ድምፁን ለመለካት ሞከረ። በለንደን የድንጋይ ንጣፍ ላይ ከሚያልፍ ሠረገላ ድምፅ ጋር አነጻጽሮት፣ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል የሚመታ መሆኑን ገመተ። እናንተ ሠረገላ ባይኖራችሁም ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ባጃጅ ታውቃላችሁ። ያ ድምፅ ነው። የእያንዳንዳችን ጡንቻ ሲሠራ እንዲህ ይርገበገባል፤ ደቃቅ ስለሆነ አይታየንም። ስንደክም ወይም ስንዳከም ምቱ ይዘገያል፣ እያንዳንዱ ምትም ይጎላል። ያን ጊዜ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ገደማ የሚሄደው መንቀጥቀጥ ለዓይን ይታያል። ታማሚውን ያስደነገጠው ርግብግብታ ከድሮም እዚያው የነበረ ነው።

ትእዛዝ የሌለው ጡንቻ ምን እንደሚሆን ከታሪካችን እናውቃለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። እስከ እንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሄዶ ታከመ፤ በእግሩ መቆም ግን አልቻለም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጡት ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚያደርስላቸው መስመር ተቋረጠባቸው። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። እግሩን ለማንሣት ሲሞክር ጭኑ የሚንዘፈዘፍበት ወጣት በዚያች ቅጽበት አንድ ትልቅ ነገር እያየ ነው፤ ትእዛዙ እየደረሰ ነው፤ መስመሩ ክፍት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር። ጉልበት ሲጎዳ ጭን ለምን ይዳከማል? ጭኑ አልተመታም፤ የተመታው ጉልበት ነው። ታዲያ በሳምንታት ውስጥ የሚሟሽሸው ለምንድን ነው?

ጉልበት ሲጎዳ መገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ይሰበሰባል፤ «ውሃ ቋጠረ» የምንለው ነው። ያ ፈሳሽ የመገጣጠሚያውን ሽፋን ሲወጥረው እዚያ ያሉ ነርቮች ለሕብለ ሰረሰር ይነግራሉ፤ ሕብለ ሰረሰርም የጭኑን የፊት ጡንቻ «ጋብ በል» ብሎ ይይዘዋል። ሰውየው ሳያውቅ፣ ሳይፈልግ የሚሆን ነገር ነው። ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰዎች ጉልበት ውስጥ የጨው ውሃ በመርፌ እየጨመሩ ሞክረውታል። ፈሳሹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ከጉልበት በላይ በውስጥ በኩል ያለው ጡንቻ መዳከም ጀመረ። ይህ ግማሽ ስኒ ቡና እንኳ አይሆንም! በእኚያ የቡራዩ እናት ጭን ላይ እጄ ሥር ሲንተከተክ የነበረው ይኸው ጡንቻ ነው። እባካችሁ ያበጠ ጉልበት ያለውን ልጅ ሰነፍ አትበሉት። ለመግፋት ሲሞክር ከውስጥ የሚይዘው ነገር አለ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለ ሰው፣ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ በጉልበቱ ምክንያት ማራቶኑን አቋርጦ ወጣ። ከውድድሩ በፊት በተደረገለት ምርመራ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽና የጅማት ብግነት ታይቶ ነበር። እዚያው ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። አገር ሁሉ ደነገጠ። ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። የኃይሌን የሚያህል ጭን ያለው ሰው ጉልበቱ ሲያብጥ እንዲህ ከተቸገረ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቢንቀጠቀጥ ምን ያስገርማል?

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሚዛን። በጉልበታችን ጅማቶችና ጡንቻዎች ውስጥ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ወዴት እንዳዘነበለ የሚናገሩ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ። ጅማት ሲበጠስ ወይም ሲለጠጥ ወሬያቸው ይደበዝዛል፤ የሚደርሰውም ወሬ አይታመንም። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በጉም የሚወርድ አዲስ ሹፌር አስቡ። መኪናው ወደ ግራ ሲያዘነብል ዘግይቶ ያውቅና መሪውን ወደ ቀኝ አብዝቶ ይጠመዝዛል፤ ያንን ለማረም ደግሞ ወደ ግራ። መንገዱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ መኪናው ይዋዥቃል። በአንድ እግሩ የቆመ ታማሚ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ወዲያና ወዲህ የሚሉት እንዲሁ ነው። ሹፌሩ መንገዱን ሲለምድ መሪው በእጁ ውስጥ ዝም ይላል።

እንዲህ ያለ ሰው ሳያውቀው በዓይኑ መደገፍ ይጀምራል። በአንድ እግሩ አቁሙትና ዓይኑን እንዲጨፍን ንገሩት፤ መንቀጥቀጡ ወዲያው ይብሳል። የሰበታ ሰዎች መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትን ታውቃላችሁ። ከዚያ የሚወጡ ልጆች የመንገዱን ጉድጓድና እብጠት በእግራቸው እየለዩ ሲሄዱ አይታችኋል። እግርና ጉልበት ያለ ዓይን ምን ያህል ማወቅ እንደሚችሉ ከእነሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም፤ ያ ዕውቀት ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እኛም ታማሚዎቻችንን መጀመሪያ ዓይናቸውን ከፍተው፣ በኋላ ጨፍነው፣ ግድግዳ አጠገብ እናቆማቸዋለን።

ቁልቁለቱንም ልንካ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። ደረጃ ስወጣ ደህና ነኝ፣ ስወርድ ግን ይንቀጠቀጥብኛል የሚል ሰው ብዙ ነው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚይዘን፤ ፍሬን ነው የሚሆነው። በዚህ ጊዜ ነርቭ የሚጠራቸው ቡድኖች ያንኑ ክብደት ከምናነሣበት ጊዜ ያነሱ ስለሆኑ የእያንዳንዱ ምት ይጎላል። አምስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ መውረዱን በተጎዳው እግር ጀምሩ፤ መውጣቱን በጤነኛው። መደገፊያውን ያዙ። ኃይላችሁ ሲመለስ ይህን ትተዉታላችሁ።

ለአሠልጣኞች አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው የጭን ልምምድ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ብርታት በአብዛኛው ከነርቭ ነው። ጡንቻው ገና አልወፈረም፤ ነገር ግን ነርቭ ብዙ ቡድኖችን መጥራት፣ ቶሎ ቶሎ ማዘዝ፣ ተራቸውን ማስያዝ ይማራል። ልጁ ጭኑን በሜትር ለክቶ «ምንም አልጨመረም» ቢላችሁ አትፍረዱ። ትናንት በስድስተኛው ድግግሞሽ የተንቀጠቀጠው ዛሬ በዘጠነኛው ከሆነ እየዳነ ነው። ያንን ደብተር ላይ ጻፉለት። እኚያን የቡራዩ እናት ያዳንናቸው በዚህ መንገድ ነው፤ ልጃቸው በየቀኑ «ስንተኛው ላይ ተንቀጠቀጠ?» ብላ ትጽፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ አሥራ ሁለት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነርቭ ነው የሚለውን ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።

የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ግን አታስቸኩሉት። ወደ ውድድር ለመመለስ ከ9 ወር ያላነሰ ጊዜ መጠበቅ፣ የተጎዳው ጭንም የጤነኛውን ኃይል ከሞላ ጎደል መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዕድሜ ልኩን የሚጠቀምበት ጉልበት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥቤ፤ መቼ እንቀጥል፣ መቼ እናቁም?

በልምምዱ ማብቂያ አካባቢ የሚጀምር፣ ስታርፉ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ፣ ስለታም ሕመም የሌለው መንቀጥቀጥ ከሆነ ቀጥሉ። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ መታጠፍ ከጀመረ ወይም ቅርጹን መጠበቅ ካቃታችሁ ያ ዙር በቅቷል፤ ዕረፉና ድገሙ። ማታ ስትተኙ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ጉልበታችሁን ዳስሱት። ካበጠ ወይም ከትናንቱ የበለጠ ካመመ፣ ትናንት አብዝታችኋል ማለት ነው፤ መጠኑን ቀንሱ እንጂ አትተዉት።

ጉልበታችሁ በድንገት የሚከዳችሁ፣ ታጥፎ የሚቆለፍ፣ ወይም ቀልቶ የሚያተኩስና ትኩሳት ያለው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ባታችሁ ለብቻው አብጦ ከሞቀና ካመመ በዚያው ቀን ሂዱ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። እግራችሁ ቢደነዝዝ ወይም ተረከዝ ተክላችሁ ጣቶቻችሁን ማንሣት ቢያቅታችሁ እንዲሁ። ሳትሠሩ፣ ዐርፋችሁ ቁጭ ባላችሁበት የሚመጣ መንቀጥቀጥም የዛሬው ርእሴ አይደለም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ክብደት እየቀነሰ፣ ልብ እየመታ፣ ሙቀት አልችል ያለ ሰው የእንቅርት ዕጢውን ይመርመር።

ከኑሯችን ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮችም አሉ። ጾም ላይ ሆናችሁ ከሰዓት በኋላ ስትሠሩ መላ ሰውነት ቢርድ፣ ላብ ቢያጠምቃችሁ፣ ዓይናችሁ ቢጨልም ያ የስኳር ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ልምምዱን ወደ መግደፊያው ሰዓት አስጠጉት። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩ። ሦስተኛውን ስኒ ቡና ጠጥታችሁ፣ ወይም ጫት ቅማችሁ ስትሠሩ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይጨምራል። የሱሉልታ ጠዋት ብርድም ከባድ ነው፤ ሰውነታችሁ ሳይሟሟቅ የሚመጣው መንቀጥቀጥ የብርዱ ነው፤ እሱን ከጉልበቱ ጋር አታምታቱት።

ወጌሻዎቻችንንም ሳላነሣ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ስንት እጅና እግር የመለሱ ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ያበጠ ጉልበት ሲታሽና አጥብቆ ሲታሰር ይጎዳል። እግራችሁ ታስሮ ጣቶቻችሁ ቢቀዘቅዙ፣ ቢጠቁሩ ወይም ቢደነዝዙ፣ ሌሊትም ቢሆን ፍቱትና ሐኪም ዘንድ ድረሱ። እንዲህ ያለ ማሰሪያ ዘግይቶ ሲፈታ እግር የሚያሳጣበት ጊዜ አለ።

ጥያቄያችሁን ከመቀበሌ በፊት አብረን አንድ ነገር እንሥራ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ተቀምጦ ይመልከት፤ ሌሎቻችሁ ተነሡ። የፊታችሁን ወንበር መደገፊያ ያዙ። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። አሁን ለመቀመጥ እንደሚያስብ ሰው ወደ ኋላ ዝቅ በሉ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቁሙ። ተረከዛችሁን አታንሡ። ጉልበታችሁ በእግራችሁ ጣቶች አቅጣጫ ይሁን። አብረን እንቁጠር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ትንፋሻችሁን አትያዙ። አሥር፣ አሥራ አንድ... አባቴ፣ እርስዎ ይበቃዎታል፣ ይቀመጡ። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት... አሁን አንድ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። ሲንተከተክ ይሰማችኋል? እዚያ ላይ ጥቂት ቆዩ። ሠላሳ አምስት... አርባ።

ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። አሁን እጃችሁን እያወጣችሁ ጠይቁኝ።